ድልድዩን ውኃ ያደረገው ሞንጂ

በቱኒዚያዋ የወደብ ከተማ ስፋክስ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለች ጠባብ የኮምፒውተር ጌም መሥሪያ ቤት ሞንጂ ሥራ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጌም ካርታ የሚሠራው እሱ ነበር። ካርታው ለተጫዋቹ ደሴትና ወንዝ ነው፤ ለሞንጂ ግን በረድፍ የተደረደረ ቁጥር ነው፤ ዜሮ ሣር፣ አንድ ግድግዳ፣ ሁለት ውኃ፣ ሦስት ድልድይ። ቁጥሩ ሲለወጥ መሬቱም ይለወጣል።

ራውዳ የምትባል ልጅ ከተቀጠረች ወዲህ ግን የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሲሃም ከአፋቸው የማይጠፋው የእሷ ስም ሆነ።

"ሞንጂ፣ የራውዳን ደሴት አየኸው? እጇ ይባረክ!" ይሉታል።

"አይቻለሁ" ይላል። እውነትም አይቶታል፤ ስሕተት ሊያገኝበት ደጋግሞ። አላገኘም። ያንገበገበው ይኸው ነው።

እንግዶች ጌሙን ሊያዩ በሚመጡበት ጠዋት፣ ራውዳ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ በራሱ ኮምፒውተር ፋይሏን ከፈተ። ዘጠነኛው ረድፍ፣ አራተኛው ቦታ። ሦስቱን አጥፍቶ ሁለት ጻፈ። ፋይሉን አስቀምጦ ዘጋው።

አንደኛው እንግዳ ሲጫወት ድልድዩ መሀል ላይ ደርሶ ቆመ።

"መንገዱ እዚህ አለቀ እንዴ?"

የራውዳ ፊት አመድ መሰለ። ሞንጂን ለአፍታ ደስ አለው።

"አንድ ደቂቃ ስጡኝማ" አለችና ቁጭ ብላ ጥቂት መስመር ጻፈች፤ ተጫዋቹ ወንዝ ዳር ያለውን ድንጋይ ሲገፋ፣ የዚያ ቦታ ቁጥር ሦስት እንዲሆን። ፕሮግራሙን እንደገና አስነሣችው። እንግዳው ድንጋዩን ገፋ፤ ውኃው ላይ ድልድይ ተዘረጋ።

"ይሄማ ከሁሉ ይበልጣል!" ብሎ አጨበጨበ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ራውዳ ወደ ሞንጂ ጠጋ አለች።

"ጋሽ ሞንጂ፣ ኮምፒውተሩ ማን ምን እንደለወጠ ይመዘግባል፤ የድልድዩ ለውጥ በስምህ ነው።"

"ለወይዘሮ ሲሃም ነገርሻቸው?"

"ምን ብዬ? እኔ ይሄን ሥራ የተማርኩት ካንተ አሮጌ ካርታዎች ነው። ምን አድርጌህ ነው ግን?"

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ተነሥቶ ወይዘሮ ሲሃም ቢሮ ገባና ራሱ ተናገረ።

"አንተ? በዚህ ዕድሜህ?" አሉት። አላባረሩትም፤ የካርታውን ሥራ ግን ቀሙት።

አሁን ሞንጂ የጌሙን ድምፅ ይሠራል፣ ካርታው ሁሉ የራውዳ ነው። ስትመሰገን ዛሬም ይቀናል፤ አንዳንዴ ግን ቁጥር ሲምታታባት ትጠራዋለች፤ ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል።