ዝግባው ላይ የተቀባው ቀለም

ዛሬ ካዛንቺስ ታክሲ ስጠብቅ መንገድ ዳር ዛፍ ይቆርጡ ነበር። የእርጥብ እንጨት ሽታው ልጅነቴን አመጣብኝ።

ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ዝግባ ነበር፤ እድራችን የለቅሶ ድንኳን የሚተክለው ከሥሩ ነበር። አንድ ቀን ሰዎች መጥተው ግንዱን ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። በሰፈራችን ቀይ የሚቀባው የሚፈርስ ቤት ስለሆነ እናቴ ደንግጣ ቀለሙ እስኪለቅ በሳሙናና በሽቦ ፈተገችው።

«ደግሞ ዛፍ ማጠብ ጀመርሽ?» አሏት ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ እየሳቁ።

«ይሳቁ ጋሼ! ሲሞቱ የት ሥር ልናለቅስልዎ ነው?»

ኋላ ከቀበሌ የተላኩ ዛፍ ቆራጮች መጡ። አለቃቸው ግንዱን ዞሮ አየና፣ «ቅርስ ተብለው የተመዘገቡት ቀይ ምልክት አላቸው። ይሄ የለውም፤ ቁረጡት» አለ።

«ነበረው! ያጠብኩት እኔ ነኝ!» ብላ እናቴ ጮኸች። መጋዙ ድምጿን ዋጠው።

«እማዬ፣ ቅርስ ምንድነው?» አልኳት።

ዛሬ ማታ ቤት ስገባ ካዛንቺስ ያየሁትን ለእናቴ አልነግራትም።