የዘሃራ ፊት

ጆሃንስበርግ፣ ፎርድስበርግ ሰፈር፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓሮ፣ የልጅ ልጄ ሰሚራ ለትምህርት ቤት የምታቀርበውን ሰሌዳ በውኃ እያራሰች በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ፣ የእርጥብ እንጨትና የቫርኒሽ ሽታ ድንገት መጣብኝና ሙስበሃዬን ከመቁጠር አቆምኩ።

«አያቴ፣ ፕሊስ አትቆጪኝ» አለችኝ፤ እዚሁ ጆበርግ የተወለደች ናት። «ፖርትሬት ነው የታዘዝነው። ያንቺን ፊት ልሥራ? ማሚ ግን ‹አያትሽ ሀራም ነው ትልሻለች፣ እንዳትጠይቂያት› ብላኛለች።»

ዓይኔን ሰበርኩ። በልጅነቷ ለዲኗ ስትል መምህሯን የተጋፈጠች እየተባልኩ ቤተሰቡ ሁሉ ያከብረኛል። እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በእነዚያ ትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር፣ ፈረንሳዊ የምድር ባቡር መሐንዲስ ያገባች አንዲት ቬትናማዊት ሠዓሊ ትኖር ነበር፤ ማዳም ሊየን እንላታለን። ፈረንሳዮች አገሯን ሲገዙ ሐኖይ ላይ በከፈቱት የሥዕል ትምህርት ቤት የተማረች ናት፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በረንዳዋ ላይ እኔንና ጎረቤቴን ዘሃራን በነጻ ታስተምረን ነበር። አማርኛዋን ከባቡር ሠራተኞች ስለለቀመችው ሁለታችንንም «ና አንተ» ነው የምትለን፤ እኛም በሳቅ እንሞታለን። ሥራዋም እንደ አማርኛዋ ግልብጥ ነበር፤ ከአገሯ በቆርቆሮ ያመጣችውን የዛፍ ሙጫ ሰሌዳ ላይ ትቀባና፣ ይህ የሚደርቀው በእርጥበት ነው ብላ፣ በዚያ በድሬ ሐሩር እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለች። ቀለም በቀለም ላይ ደርባ ደርባ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ጥቁር ትቀባዋለች፤ ሥዕሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ በከሰልና በውኃ ቀስ እያሉ ሲፈገፍጉት ነው። ነጭ ሲያስፈልጋት ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት ሰባብራ ትለጥፋለች። ቅርፊቱን ከእናቴ ጓዳ ለወራት ያጠራቀምኩላት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ በዚያ ሰሞን የማን እንደሆነ ሳትነግረን ሥላ በጥቁር የሸፈነችው፣ የቅርፊት ነጭ ሻሽ ያደረገው የልጅ ፊት የእኔ መስሎኝ ነበር። አንድ ሐሙስ በር ተንኳኳባትና ከሰሉን ለእኔ ትታ ሄደች። ቀስ ብዬ ፈገፈግኩ፤ መጀመሪያ ሻሹ፣ ቀጥሎ ግንባሩ፣ ከዚያ የዘሃራ ዓይኖች ብቅ አሉ። እጄ አላቆመም። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ ከሥር በተቀባው ቀይ ቀለም እስኪቀላ፣ እንጨቱ እስኪታይ ፈገፈግኩት። ማዳም ተመልሳ ክው ስትል፣ ቁርአን ቤት የሰማሁትን አስታውሼ «በእኛ ሃይማኖት የሰው ፊት መሣል ኃጢአት ነው» አልኳት። ከዚያ በፊት በዚያው በረንዳ ስንት ፊት በደስታ እንደሣልኩ አላህ ያውቃል።

ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ሐኖይ ተማሪ ሳለሁ የእናቴን ፊት ሠራሁ» አለችኝ። «የፈረንሳዩ መምህር አልወደደውም። ብሩሼን ተቀብሎኝ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ፣ ሌላ ፊት አደረገው። ምንም አልጠየቀኝም። እኔም ሃይማኖታችሁ ይፈቅድ እንደሆነ አንተን አልጠየቅኩህም። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ያን ቀን በ«አንተ»ዋ አልሳቅኩም።

ከዚያ ወዲህ በዚያ በረንዳ ላይ ቅጠልና እንስራ እንጂ ሰው አልተሣለም። ፊት ስትሥል እስትንፋስ የምትዘራበት ዘሃራ ለሦስት ሐሙስ ቅጠል ሥላ መምጣቷን ተወች፤ ዓመት ሳይሞላ ተዳረች፣ ወሬዋም ጠፋ። እኔ ግን «ለዲኗ ቆመች» ተብዬ በሰፈሩ አዛውንት ተመረቅኩ፤ ምርቃቱንም ዝም ብዬ ተቀብዬ እስከዚህ አገር ድረስ ይዤው መጣሁ።

ይህን ሁሉ ለሰሚራ ነገርኳት። «የሀራሙን ነገር ሼኩን ጠይቂ፤ እኔ የምመሰክረው የራሴን ነው። ያን ቀን እጄን የነዳው ዲኔ አልነበረም፤ ቅናት ነበር» አልኳት። ልትታዘበኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጣ እርሳሷን አነሳች።

«ኦኬ አያቴ፣ በቃ እሷን ልሥራት። ዘሃራ ምን ትመስል ነበር?»

አፌን ከፈትኩ። የቅርፊቱ ሻሽ ታወሰኝ፤ ከሰሉ እንጨቱ ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ፣ ሳህኑ ውስጥ የቀላው ውኃ ታወሰኝ። ፊቷን ፈለግኩት፤ የለም።