ዘይነባ በቃሏ የያዘችው ቁጥር

አማራጭ ሲበዛ ደንበኛ ይከበራል የሚባለው ውሸት ነው። አማራጭ ሲበዛ የሚበዛው «እኛን አይመለከትም» የሚል ሰው ነው። ድሮ የሚያንገላታኝ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ዛሬ ሁለት ሆነው ይቀባበሉኛል። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ነው። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው ግን እኔ ስለተንገላታሁ አይደለም፤ የጎረቤቴ ልጅ ድምፅ ስለጠፋ ነው።

የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ጽሑፍ እየጻፍኩ ወደ አዲስ አበባ ስለምልክ ያለ ኢንተርኔት ሥራ የለኝም። ኢንተርኔቱ የሚመጣው በድሮው የቤት ስልክ ገመድ ነበር፤ መምጣት ከተባለ። ዝናብ ሲጥል ይጠፋል፣ ደመና ሲያንዣብብ ደግሞ ሊጠፋ ይዘጋጃል።

ስልኩ ግን የእኔ ብቻ አልነበረም። ከአጥሬ ማዶ እትዬ ከድጃ ይኖራሉ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ያለቻቸው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ልጅቱ ዘይነባ አረብ አገር ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አሠሪዋ ሞባይሏን ገና በገባች ቀን ተቀብላታለች። ዘይነባ በቃሏ የያዘችው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የእኛን ቤት ስልክ። እናቷ ቁርአን እንደሚያስቀራ ሰው እያስደጋገሙ አስጠንተዋት ነው የሄደችው።

ጁምዓ ከሰዓት አሠሪዎቿ ወጣ ሲሉ በእነሱ ስልክ ትደውላለች። ረጅም አታወራም። «እማ፣ ደህና ነኝ» ካለች በቂ ነው። የእኛ ስልክ የደዋይ ቁጥር የማያሳይ አሮጌ ስለሆነ መልሰን መደወል አንችልም። የወሰዳት ደላላም ስልኩን ካጠፋ ቆይቷል።

ስለዚህ ሽቦውን አስረዝመን ስልኩን በአጥሩ በኩል ባለው መስኮት ላይ አስቀመጥነው። ጁምዓ ከሰዓት እኛ ቤት ስልክ የሚነካ የለም። ሲጮህ ባለቤቴ መስኮቱን ከፍታ «እትዬ ከድጃ!» ብላ ትጣራለች። እሳቸው ሻሻቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ ይደርሳሉ፤ መነጋገሪያውን በአጥሩ ላይ እናቀብላቸዋለን። ለዓመታት እንዲህ ኖርን።

አንድ ቀን ፒያሳ ላይ ጃንጥላ ዘርግተው፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች አገኘሁ። አዲስ የኢንተርኔት ድርጅት ነው።

«ጋሼ፣ አዲስ ገመድ አያስፈልግዎትም» አለችኝ አንዷ። «ባለው የስልክ ገመድ እንገባለን። ፍጥነቱን ሲያዩ ይገረማሉ።»

«ቁጥሬስ?»

«አብሽሩ ጋሼ! ቁጥርዎ የትም አይሄድም።»

አብሽር በእኛ አገር በታመመ ሰው አልጋ አጠገብ፣ በሐዘን ቤት የሚባል ቃል ነው። አይዞህ፣ አለሁልህ እንደማለት ነው። የሻጭ አፍ ውስጥ ሲገባ ያን ቀን ሰማሁት። ደስ አላለኝም፤ ግን ፈረምኩ። ዝናቡ አሰልችቶኝ ነበር።

ልጅቱ ስትሸኘኝ አንድ ምክር መረቀችልኝ። «የድሮው ስልክ መሥሪያ ቤት ሲሄዱ ይዛወርልኝ አይበሉ፤ ያጓትቱብዎታል። ይቋረጥልኝ ይበሉ፤ የቀረውን እኛ እንጨርሳለን።»

እንዳለችው አደረግሁ። በዚያ መሥሪያ ቤት እንዲህ የተቀላጠፈ ነገር አይቼ አላውቅም። ለማስቀጠል ስለምናቸው ዓመት የሚፈጅባቸው ሰዎች፣ ለመቁረጥ ሻይ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀባቸውም። ቤት ስደርስ ስልኩ ሞቷል።

የአዲሱ ድርጅት ቴክኒሻን መጣ፤ ምሰሶው ላይ ወጣ፤ ወረደ። «መስመሩ ሬሳ ነው። የድሮዎቹ አልለቀቁትም» አለ። የድሮዎቹ ዘንድ ሄድኩ። «እኛ ለቀናል። ካሁን በኋላ የእነሱ ጉዳይ ነው» አሉ። የአዲሱ ድርጅት ቢሮ ያለው ኮምቦልቻ ስለሆነ መመላለስ ጀመርኩ። ደሴ ኮቴን ለብሼ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ ኮምቦልቻ ኮቴን በክንዴ ይዤ፣ አንገቴን እየጠረግሁ እገባለሁ።

«ሲስተሙ ላይ የእርስዎ መስመር ክፍት ነው» ይለኛል ሠራተኛው።

«ቤቴ ውስጥ ግን ዝግ ነው።»

«ሲስተሙ ክፍት ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ሲስተሙ ውስጥ ልግባና ልደውል?»

አልሳቀም። ኮቴን ይዤ ተመለስኩ።

በዚህ መሀል ጁምዓዎች ያልፋሉ። እትዬ ከድጃ ከሰዓት ወደ አጥሩ ጠጋ ይላሉ።

«ዛሬስ ነፍስ ዘራ?»

«ሰሞኑን ይሠራል ብለዋል፣ እትዬ።»

«ኢንሻአላህ። አንተ ግን ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ አንድ ገመድ ታሸንፍህ?»

እስቃለሁ። እሳቸውም ይስቃሉ። ዓይናቸውን ግን ከመስኮቱ ላይ ቶሎ አያነሡም።

በመጨረሻ መስመሩ ተነሣ። ኢንተርኔቱ እውነትም ይበራል፤ አልዋሽም። የቤት ስልኩም ድምፅ ሰጠ። ለመሞከር ወደ ሞባይሌ ደወልኩ፤ ሞባይሌ ላይ የመጣው ግን የማላውቀው ቁጥር ነው።

ኮምቦልቻ ወረድኩ። «ይቋረጥልኝ ስላሉ የድሮው ቁጥር ለባለቤቱ፣ ለድሮው መሥሪያ ቤት ተመልሷል» አሉኝ። እንዲያ እንድል የመከረችኝ የእነሱ ሠራተኛ እንደሆነች ነገርኳቸው። «የጃንጥላዎቹ ልጆች የኮሚሽን ናቸው፤ የእኛ ሠራተኞች አይደሉም» አሉ። ደሴ ወጣሁ። የድሮዎቹ «ቁጥሩ ለሌላ ደንበኛ ተሰጥቷል» አሉ። ለማን? የደንበኛ ምስጢር ነው። ስለ ዘይነባ ነገርኳቸው፤ አንድም ሳላስቀር። የደንበኞች መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ ኮምፒውተሯን እያየች ሰማችኝ።

«በሞባይል ትደውላ። በዚህ ዘመን በቤት ስልክ ማን ይደውላል?»

በደንብ ሰምታኝ ነበር እኮ። ሰምታ ነው እንዲህ ያለችኝ።

ከበሩ እንደወጣሁ በሞባይሌ የገዛ የድሮ ቁጥሬን ደወልኩ። የማያውቀኝ ሰው አነሣው፤ ከኋላው ብረት ይቀጠቀጣል። ሰዒድ ይባላል፤ ወደ ገራዶ መውጫ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ነገሩን ስነግረው የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ አየኝ።

«አንዲት ሴት ደውላ ነበር» አለ። «እማ አለችኝ። ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ተሳስተሻል እህቴ ብዬ ዘጋሁት። መልሳ ደወለች። የእትዬ ከድጃ ጎረቤት አይደለም ወይ አለች። አይደለም አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«ቁጥሩን ከመጀመሪያው ጀምራ እየጠራች ነገረችኝ። ይኸው ነው፣ ግን እኔ እሳቸውን አላውቅም አልኳትና ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ አልደወለችም።» የያዘውን ብረት አስቀመጠ። «ወላሂ አላወቅሁም፣ ወንድሜ። እንዲህ ነው ቢሉኝ ወርጄ እናትየዋን አመጣቸው ነበር።»

ጠመኔ አንሥቶ አዲሱን ቁጥሬን ስልኩ በተቀመጠበት ግድግዳ ላይ በትልልቁ ጻፈው። ብትደውል ሥራ አቁሞ ሊነግራት ማለልኝ። በዚህ ሁሉ መንገድ ያገኘሁት አንድ ሰው እሱ ነው፤ እሱ ደግሞ ደመወዝ የሚከፈለው ስልክ ለመቀጠል አይደለም።

እትዬ ከድጃን በአጥሩ በኩል ጠርቼ ነገርኳቸው። ይጮሃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር።

«እማ አለች?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«በሕይወት አለቻ። አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ አጥሩን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እሷ ግን እኔን ሞታለች ብላ ይሆናል።»

አብሽሩ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣ አለኝ። ሻጮቹ ወስደውታል።

ዘይነባ እስካሁን አልደወለችም። ሰዒድ ጁምዓ ከሰዓት ብረት መቀጥቀጥ አቁሟል፤ የስልኩ ጩኸት እንዳያመልጠው ነው። አዲሱ ድርጅት ደግሞ በየጊዜው መልእክት ይልክልኛል፤ በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል ይለኛል። ሳየው አጠፋዋለሁ። በዚያ ፈጣን መስመር መጀመሪያ የላክሁት ጽሑፍ ይህ ነው፤ ይህም ያስጠላኛል።

ስለ ኢንተርኔት ምክር የለኝም፤ የፈለጋችሁትን አስገቡ። አንድ ነገር ግን ታደርጋላችሁ። የማታውቁት ሰው ደውሎ «እማ» ሲላችሁ፣ ተሳስተሻል ብላችሁ አትዝጉ። ማንን ፈለግሽ በሏት። ዘይነባ ከሆነች ደግሞ፣ እናትሽ በሕይወት አሉ፣ መስኮቱ ጋ ናቸው በሏት።