በሕማማት የተመረመረች እጅ

የሕማማት ማክሰኞ ነው። ሲስተር የብርጓል በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓለም ቀለል ብሎ ሲንሳፈፍ ታያለች። ግድግዳው ይንሳፈፋል፤ ነጭ ጋዋን የለበሱት ይንሳፈፋሉ። ደስም ይላል! ትናንት ቀኑን ሙሉ ከደብረ ኤልያስ ሴቶች ጋር ስትሰግድ ውላ፣ ማታ ትንሽ ቀምሳ፣ ዛሬ ደግሞ ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም።

የመጣችው ለአዋላጅነት ፈቃዷ ነው። ፈቃዱ በዚሁ ሳምንት ያልቃል፤ ለማሳደስ «ለሥራው ብቁ ናት» የሚል የሐኪም ማረጋገጫ ይጠየቃል። ካላገኘች ከማዋለጃ ክፍል ወጥታ ካርድ ክፍል እንደምትቀመጥ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቁርጡን ነግሯታል። ካርድ ክፍል! ስንቱን እርጥብ ሕፃን የተቀበለ እጅ አቧራ ሊያራግፍ!

ሌላው ሰው ለምርመራ ሲሄድ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ አርፎ ይሄዳል። የብርጓል ሰግዳ ሄደች።

አጠገቧ አንሙት የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ዓይኑን ሊታይ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ እርስዎም ለመንጃ ፈቃድ ነው?»

«አይ፣ እኔ አዋላጅ ነኝ።»

«አዋላጅ ደግሞ ምን ብላ ትመረመራለች? እኔስ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት አለብኝ።»

«እኔ ያለብኝን ቁልቁለት ብታየው መሪህን ትጥል ነበር!»

አንሙት ሳቁን ሳይጨርስ ስሟ ተጠራ።

ዶክተር እንዳላማው በዕድሜ ልጇ ይሆናል። ዓይኗን አየ፤ ጆሮዋን አየ፤ ደህና። «እስኪ ቁጢጥ ብለው ይነሡ» አላት። ቁጢጥስ አለች፤ መነሣቱን ግን ጭኗ እምቢ አለ። ጠረጴዛውን ተደግፋ ተነሣች። እጇን ስትዘረጋ ጣቶቿ ነፋስ እንደነካው የገብስ ዛላ ተርገፈገፉ።

«ሲስተር፣ ያምዎታል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ! ስግደት ነው።»

«የደም ግፊትዎም ወርዷል። ይህን እጅ ዛሬ ብቁ ነው ብዬ አልፈርምም። ወይ ስኳር ያለበት ነገር ጠጥተው ከሰዓት ይመለሱ፣ ወይ ከፋሲካ በኋላ ይምጡ።»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ? በሕማማት?»

«እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ግን ዛሬ የሚመረመሩት እርስዎ ነዎት።»

ወጥታ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ እንቅልፍም ሸለብ አደረጋት። ከጮቄ ተራራ በኩል ደመና ሲመጣ አየች። ደመናውስ ደመና አይደለም፤ ያልተወለዱ ሕፃናት ናቸው፣ ነጫጭ፣ ዝም ያሉ፣ እየተንከባለሉ ወደ እሷ የሚወርዱ። ልትቀበላቸው እጇን ብትዘረጋ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ጉም ሆኖ ጠበቃት።

ደንግጣ ነቃችና ለንስሐ አባቷ ለመምሬ አካለ ወልድ በሞባይል ደወለች። ነገሩን ሁሉ ሰምተው ጠየቋት።

«ልጄ፣ ከፋሲካ በፊት የምትወልድ አለች?»

«ሞልተዋል አባቴ።»

«ታዲያ ምኑን ትጠይቂኛለሽ! ጠጪ እንጂ። የንስሐውን ነገር ከሃምሳው ቀን በኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን ዝጊው፣ ዲያቆናቱ እያዩኝ ነው።»

ሻይ ቤት ገባች። ስኳር የበዛበት ሻይ መጣላት። መጀመሪያ እንባዋ ቀደመ፤ ከዚያ ጣፋጩ ቀስ እያለ በክንዷ ወረደ፣ ጣቶቿም ተራ በተራ እንደ ሕፃን ሲነቁ ታወቃት።

ከሰዓት በኋላ እጇን ዘረጋች። ጣቶቿ ንቅንቅ አላሉም። ግፊቷም ተመልሷል። ዶክተሩ እንደገና ቁጢጥ ይበሉ አላት፤ እያቃሰተች ተነሣች፣ ጠረጴዛውን ግን አልነካችም።

«ብቁ ነዎት» አለና ፈረመ። «በሉ እንግዲህ፣ ጉልበትዎን ትንሽ ያሳርፉት።»

«ምን ማለትህ ነው ልጄ?» አለች ወረቀቱን እየተቀበለች። «የፈረምከው ለእጄ ነው፤ ጉልበቴማ ገና ስቅለት ይጠብቀዋል!»