ከግራሩ እስከ ውሃው

ደብተሩን በገለጥኩት ቁጥር ጨውና አቧራ ይሸተኛል። የአባቴ ነው። ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ የኮንቴይነር ዝርዝር ስሠራ አንዳንዴ ሳላስበው እጄ ይሄድበታል።

ስሚኝማ፣ አባቴ ከቡልቡላ ወጣ ብሎ ከብት ያረባ ነበር። መስከረም ሲጠባ ከብቶቹን ወደ አብጃታ ይነዳና ጨዋማውን የሐይቅ ውሃ ያጠጣቸዋል። ያን ቀን ከአንድ ትልቅ ግራር ተነስቶ እስከ ውሃው ዳር እርምጃውን ይቆጥርና ደብተሩ ላይ ይጽፋል። እሱ ልጅ ሳለ ውሃው ግራሩ ሥር ይደርስ ነበር። በየዓመቱ ይሸሻል፣ አባቴ ግን "ይመለሳል" ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ከብቱን ይዞ ሲሄድ እሱን እዚያ ያስቀረችው ይህች ቃል ብቻ ነበረች።

አዳማ ኮሌጅ ስገባ ኮምፒውተር ነክቼ አላውቅም ነበር። የክፍሉ ወበቅ አይጣል ነው፤ ቬንቲሌተሩ ይንጫጫል እንጂ አያቀዘቅዝም። ማውሱን በሁለት ጣቴ ጫፍ ነው የምይዘው። "አይዞሽ፣ አይናከስም!" ይለኛል መምህሬ፤ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ኤክሴል ሲከፈት ያ ሁሉ ባዶ ሳጥን ያስጨንቀኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጣቶቼ ለመዱ። መደመር ቻልኩ፣ አማካይ ማውጣት ቻልኩ። መምህሬ "ከቤታችሁ ቁጥር አምጡና ግራፍ ሥሩ" ሲለን የአባቴን ደብተር አመጣሁ። ግራፉ ሲወጣ "ጎበዝ!" አለኝ በክፍሉ ፊት። እንዴት ያለ ደስታ መሰለሽ!

ለእረፍት ስሄድ ከጓደኛዬ ላፕቶፕ ተውሼ ለአባቴ አሳየሁት።

"ይኸው አባዬ፣ የአንተ እርምጃ ነው።"

መስመሩን በሻካራ ጣቱ ተከተለና ፈገግ አለ። ምናለ እዚያ ላይ ባቆም! ጉራዬ መች አስቻለኝ። "የሚመጡትንም ዓመታት ይነግርሃል" ብዬ ቁጥሮቹን መረጥኩና የመጨረሻውን ሳጥን ጥግ ይዤ ወደ ታች ጎተትኩት። ማሽኑ ራሱ አስልቶ አዲስ ቁጥሮች ደረደረ፤ እያደጉ፣ እያደጉ። ውሃው በየዓመቱ ይርቃል፣ አንድም ጊዜ አይመለስም።

"ኢንተላ ኮ" አለኝ በኦሮምኛ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ "ይሄ ማሽን ዝናብ ያውቃል?"

"አያውቅም አባዬ።"

"ታዲያ ምን አውቆ ነው?"

ላፕቶፑን ከደንኩት። ምሳውን ሳይነካ ወጣ። ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

በዓመቱ መስከረም አብሬው ሄድኩ። ከግራሩ ሲነሳ ከኋላው ነበርኩ። መጀመሪያ እግሩን ያመመው መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። አባቴ፣ ያ ሽማግሌ፣ ዱላውን ተደግፎ ቦይ እንደሚሻገር ሰው እግሩን እየወረወረ ነበር የሚራመደው። ቁጥሩ እንዲያንስለት። ነጩ መሬት እግሩ ሥር ይንኮሻኮሻል፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ውሃው ዳር ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ቁጥሩን ነገረኝ። ካለፈው ዓመት ያነሰ ነበር።

"አየሽ? መጣ እኮ! ማሽንሽ ላይ አስገቢው።"

"አስገባለሁ አባዬ" አልኩት። ፊቴን አዙሬ አለቀስኩ።

ማሽኑ የደረደራቸውን ቁጥሮች አጥፍቼ አስገባሁትም። መስመሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች ታጠፈ። የሚቀጥለው መስከረም ሳይጠባ አባቴ አረፈ፤ ከብቶቹም ተበተኑ፣ ውሃውም ከግራሩ ይበልጥ ራቀ። ፋይሉ ግን ዛሬም አለኝ። የመጨረሻው ሳጥን ውስጥ ያለችው የእሱ ቁጥር ናት። ጥጓን ይዤ ወደ ታች ጎትቼያት አላውቅም።