ጉንቮርና ዝምተኛው እቶን

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ጉንጯን ነው። የግራው ከቀኙ ይልቅ ቀይ ነው፤ ጉንቮር ዕድሜዋን ሙሉ ብርጭቆ ስትነፋ እሳቱ ሁልጊዜ በግራዋ ነበርና። ስሞላንድ በሚባለው አውራጃ ጫካ ውስጥ ባለችው መንደራችን፣ በብርጭቆ ሙዚየሙ በር ላይ ትኬት መቁረጥ እስክጀምር ድረስ፣ ሰው የሥራ ቦታውን ፊቱ ላይ ይዞ ሊዞር እንደሚችል አላውቅም ነበር።

እቶኑ አርጅቶ ነበር። ጡቡ ሳስቶ በስንጥቁ ብርሃን ይታያል፤ ጋዝ ይበላል፤ ሲያጓራ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሙዚየሙ በኤሌክትሪክ የሚሠራ እቶን ሊያስገባ ሲወስን መንደርተኛው ስለ ብርጭቆው አልጠየቀም። "ዓሣችንን የት ልንጠብስ ነው?" ነው ያለው። በበጋ ቅዳሜ ሥራ ሲያልቅ፣ በእቶኑ ሙቀት ጨው የገባበት ዓሣና ድንች ጠብሶ አብሮ መብላት ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። የሙዚየሙ ኃላፊ ቲራ ለዓሣው አንድ ምድጃ እንደሚቆይ ቃል ስትገባ ጉርምርምታው ቆመ።

አሮጌው እቶን የጠፋ ቀን ግን ሁሉም ደነገጠ። ያ ጩኸት ሲቋረጥ ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው ጆሯቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ከጫካው ወፍ ተሰማ። ለካ ወፉ ድሮም እዚያ ነበር።

አዲሱ እቶን ድምፅ የለውም፤ ችግሩም ከዚያ ተነሣ። ይህ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው። ጉንቮር አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ጫፉ ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ያለበትን ረጅም ቧንቧ እያንከባለለች ቅርጽ ታወጣለች፤ ረዳቷ ቢርገር ተንበርክኮ በሌላው ጫፍ ይነፋል። በዚያ ጩኸት መነጋገር ስለማይቻል ለዓመታት በአገጭና በቅንድብ ሲግባቡ ኖረዋል። ጸጥታው ሲመጣ እንደ አዲስ ሙሽሮች ተፋፈሩ። የጉንቮር እጅ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል። የጀመረችው ጆግ ሁሉ አንገቱ ይጣመማል።

"ምን ሆነሻል?" አላት ቢርገር።

"አንተ ምን ሆነሃል? እንደታመመ በግ እኮ ነው የምትነፋው።"

"አንቺ የታመመ በግ የሚመስል ጆግ ስትሠሪ፣ እኔ ምን ላድርግ?"

ቲራ ወጣትና ደግ ናት፤ የሚያስፈራውም ደግነቷ ነው። ሐሙስ ዕለት መጣችና፣ "ቅዳሜ የአዲሱ እቶን ምረቃ ነው" አለች። "ካልተመቸሽ ከጎረቤት መንደር ብርጭቆ ነፊ ይመጣል። አንቺ ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ለእንግዶቹ ታስረጃለሽ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ማስረዳቱን ልትቀጥዪበት ትችያለሽ፤ እንዳንቺ የሚያውቅ የለም።"

ቲራ ከወጣች በኋላ ጉንቮር፣ "ወንበር" አለች፣ አፏ ውስጥ የገባ አመድ እንደምትተፋ። "ገና በእግሬ ቆሜ እየሄድኩ።"

አርብ ጠዋት ሲሠሩ ቢርገር ሳይታወቀው ማንጎራጎር ጀመረ። የቆየ የመንደር ጭፈራ ዜማ ነው፤ ግማሹን ብቻ ስለሚያውቅ እዚያ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ቆመው ያዩ የነበሩ ሁለት ሴቶች ሳቁ። ቢርገር አፉን ዘጋ፤ ጆሮው ደም መሰለ። ጉንቮር ቧንቧውን ቀና አድርጋ ጆጉን በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ቀጥ ብሏል።

"ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታደርገው?"

"ምኑን?"

"ማንጎራጎሩን።"

"በአሮጌው እቶን ጊዜ ሁልጊዜ መሰለኝ፤ ጸጥ ካለ ወዲህ ግን ትቼው ነበር። ይሰማል ብዬ አላሰብኩም።"

"እኔም ሰምቼው አላውቅም" አለች። ከዚያ እጇን አገላብጣ አየችው። "ይኼ ግን በቧንቧው በኩል ሰምቶታል።"

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ወንበሩ ግድግዳው ሥር ተዘጋጅቷል፤ የጎረቤት መንደሩ ነፊም እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጉንቮር ከእቶኑ የቀለጠውን ጠቅልላ አወጣችና ተቀመጠች። ቢርገር ተንበረከከ። ዜማው ግን አልወጣውም። ቢርገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ ከንፈሩን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። ብርጭቆው ወደ አንድ ጎን መውረድ ጀመረ።

"ቢርገር" አለችው በቀስታ።

"ሰው አለ" አላት።

የወንበሩን አቅጣጫ በዓይኗ ቃኘች። ከዚያ ራሷ ማንጎራጎር ጀመረች። እንደዚያ የተበላሸ ዜማ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አንዷ እናት የልጇን ጆሮ ሸፈነች። ቢርገር ፊቱን አጨማደደ፣ ታገሠ፣ ከዚያ በላይ ግን አልቻለም።

"እንደሱ አይደለም" አለና ከመጀመሪያው አነሣው።

የጉንቮር ትከሻ ወረደ። ቧንቧው በመዳፏ ሥር እንደ ውሃ ይሽከረከር ጀመር። ቢርገር ሲነፋ ዜማው ይቋረጣል፤ በእጇ ላይ ግን ይቀጥላል። የሚወርደው ብርጭቆ ቀና፣ ሆዱ ሞላ፣ አንገቱ ወጣ። እጀታው የት ጋ እንደተጀመረ እንኳ አይለይም። ዜማን በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጆጉ ቀስ ብሎ ወደሚበርድበት ማብረጃ ሲገባ እንግዳው ነፊ መጥቶ ጨበጣትና ዓሣው ወዳለበት ሄደ። ወንበሩ ላይ ቲራ ራሷ ተቀመጠች።

በኋላ ጉንቮርን በሩ ላይ አገኘኋትና አሮጌው እቶን አይናፍቅሽም ወይ አልኳት።

"እሱ አርፏል" አለች ጓንቷን እያወለቀች። "እኔ ሰኞ ሥራ አለኝ።"

ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሰዉ ገና እየበላ ሳለ፣ በጥዶቹ መካከል ልትዋኝ ወደ ሐይቁ ወረደች። ወደ ኋላ ዞር ብላ አላየችም።