ግቢውን ተሻግሮ የተመለሰው ደብዳቤ

ይህን ለሰው ስናገር የፈጠርኩት ይመስላቸዋል። ከአባቴ የወረስኩትን የቡና ማሳ በስሜ ለማዞር፣ ከጅማ ማሳው ወዳለበት ወረዳ ስመላለስ አራተኛ ጊዜዬ ነው። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኦቦ ገመቹ ሽበት ያላቸው ጨዋ ሰው ናቸው። ፋይሌን አገላብጠው አዩና፣ «ቶሌ እህቴ፣ የቀረሽ አንድ ነገር ነው። ማሳው ላይ ቡና መኖሩን ግብርና ጽሕፈት ቤት ያረጋግጥልኝ» ብለው ደብዳቤ ጻፉ። ፈርመው ማህተም መቱበትና ፖስታውን አሸጉት።

ግብርና ያለው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ማንጎ ዛፉን አለፍ ብሎ ነው። ኃላፊው ከምሳ በኋላ ይገባሉ ስለተባልኩ ደጃፉ ላይ ጠበቅኩ። ስምንት ሰዓት ላይ ተጠርቼ ስገባ፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ኦቦ ገመቹ ናቸው።

ለሌላ ጉዳይ የመጡ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ።

«ተቀመጪ እንጂ» አሉኝ። «ኃላፊው ስልጠና ስለሄደ ከሰዓት ከሰዓት እዚህ ተወክዬ የምሠራው እኔ ነኝ።»

እፎይ አልኩ። «እንግዲያው ጨረስን ማለት ነዋ፣ ኦቦ» ብዬ ፖስታውን ሰጠኋቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ጠዋት ራሳቸው ያሸጉትን ፖስታ በጥንቃቄ ከፍተው ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት። ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት ፈለግኩ፤ የለም። ከዚያ ጥጉ ላይ «ጥያቄው ግልጽ ስላልሆነ ይመለስ» ብለው ጻፉበት፤ የግብርናን ማህተም መቱና ሰጡኝ።

«ኦቦ፣ የጻፉት እኮ እርስዎ ነዎት» አልኩ።

«አውቃለሁ እህቴ» አሉኝ በሐዘኔታ። «እነዚያ የመሬት ሰዎች ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው።»